የጧት ሻይ በአዲስ አበባ ቤት፤ ስለ አመጣጡና ስለ ሥርዓቱ

የአንድን ሕዝብ ልማድ ለመመርመር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በጥንታዊው ነገር ላይ ነው። ስለ ቡና አፈላል፣ ስለ ጠጅ አጣጣል፣ ስለ ሠርግና ስለ ተዝካር ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። በየቤቱ ማለዳ የሚፈላው፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ሳይቀምሰው ከደጁ የማይወጣው ሻይ ግን፣ ከውጭ የመጣ ነው ተብሎ ይመስላል፣ በባህል ተመራማሪዎች ዘንድ ያን ያህል ሞገስ አላገኘም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በአዲስ አበባ ቤቶች ስለሚታየው የጧት ሻይ ሁለት ነገር ማስረዳት ነው። አንደኛው፣ ሻይ በየትኛው መንገድ ወደ ቤታችን እንደ ገባ፤ ሁለተኛው፣ ከገባ በኋላ እንዴት አገርኛ ሥርዓት እንደ ያዘ ነው። ነገሩ ጥቂት ቢመስልም በውስጡ ከባድ ጥያቄ አለበት። አንድ ልማድ የአገር ባህል የሚባለው በዕድሜው ርዝመት ነውን? ወይስ ቤተ ሰብ በሰጠው ሥርዓት? (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ምስክር ነው። ዓለም ይህን ቅጠል የሚጠራባቸው ስሞች ጥቂቶች ሲቀሩ ከሁለት የቻይና አነጋገሮች የወጡ ናቸው። በፉጂያን ጠረፍ የሚነገረውን «ቴ» የሚለውን ስም የሆላንድ ነጋዴዎች በ17ኛው ምዕት ዓመት ወደ አውሮጳ ስለ ወሰዱት፣ የእንግሊዙ «ቲ»፣ የፈረንሳዩና የኢጣሊያው «ቴ» ከዚያ ተገኙ። «ቻ» የሚለው ሁለተኛው ስም በፋርስ አገር «ቻይ» ተባለ፤ ሕንዱም ቱርኩም ይህንኑ ያዘ፤ ስዋሂሊም እንዲሁ ይላል። ዐረብ ግን በፊደሉ «ቸ» ስለሌለው «ሻይ» አለው፤ በየመንና በሒጃዝ ደግሞ «ሻሂ» ይባላል። አማርኛችን «ቸ» የሚል ፊደል አላጣም። ስለዚህ ስሙን ከሕንድ ነጋዴ አፍ በቀጥታ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ «ቻይ» ባለው ነበር፤ ከኢጣሊያ ተቀብሎት ቢሆንም «ቴ» ባለው ነበር። ሽማግሌዎቻችን «ሻሂ» ማለታቸው፣ ስሙ በዐረብ አፍ አልፎ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እንደ መጣ ያመለክታል። ሻዩ የሚቀመምበት የቅርንፉድና የሄል ስምም ከዐረብኛ የተወረሰ መሆኑ ይህንኑ ያጠናክራል።

እርግጥ ነው፣ ቃል በአንድ መንገድ ዕቃው በሌላ መንገድ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ግን የንግዱ ታሪክ ከቃሉ ጋር ይስማማል። እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ ወደ ምዕራብ የሚጫነው ሻይ በአብዛኛው የቻይና ነበር። በ1839 በሕንድ አገር በአሳም የበቀለ ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን ጨረታ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዞች ዓደንን ያዙ። በ1867 ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ በሴሎን ደሴት ሻይ ተከለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ በደሴቲቱ ታየ፤ የሴሎንን የቡና እርሻ ቀስ በቀስ አጠፋው፤ ባለ እርሻዎቹም በቡናው ምትክ ሻይ ተከሉ። በዚሁ በ1869 የስዌዝ ቦይ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከሕንድና ከሴሎን ተነሥቶ ወደ አውሮጳ የሚያልፈው የንግድ መርከብ በዓደን ደጅ የሚያልፍ ሆነ። ከዓደን እስከ ዘይላ ያለው ባሕር ጠባብ ነው፤ ከዘይላ እስከ ሐረር ያለውም የጥንት የነጋዴ መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ የነበረው ሸቀጥ በሣጥን ለመምጣት በቃ።

ሻይ ሲደርስ ቤቱ ባዶ አልነበረም። ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ለአገራችን አዲስ ብልሃት አይደለም። የሐረር ሰዎች የቡናን ቅጠል አምሰው «ቁጢ» የሚሉትን መጠጥ ያፈላሉ፤ በደቡብ ምዕራብም የቡና ቅጠል በቅመም ተፈልቶ ይጠጣል። በሌላ በኩል፣ ዛሬ የአገር መለያ ሆኖ የሚቈጠረው የቡና ሥርዓት በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ በሚገኘው ክርስቲያን ቤት ያን ያህል የቆየ አይደለም። እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናት ዘንድ ይነቀፍ ነበር። ነቀፌታው የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ አለመቃወማቸው ለዚህ ረድቷል። «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» የሚሉት የሦስቱ ዙሮች ስሞች አንደኛ፣ ሁለተኛና በረከት ከሚሉት የዐረብኛ ቃላት ጋር እንደሚቀራረቡ ቋንቋ ያጠና ሰው ያስተውላል። ቡናው የሚቀዳበት «ስኒ» እንኳ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። እንግዲህ ሻይ ከመምጣቱ በፊት የሻይ አገር ስም በቡናችን ረከቦት ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን የምንለው የቡናን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ እንግዳ ልማድ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው እንጂ።

ሻይን ከእንግድነት ወደ ጧት ማዕድ ያስገባው ዋና ምክንያት፣ በእኛ አስተያየት፣ ሰዓት ነው። በ1907 ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1908 በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት እየበዙ በሄዱ መጠን፣ ሰው በተወሰነ ሰዓት ከቤቱ መውጣት ግድ ሆነበት። ቡናን አጥቦ፣ ቈልቶ፣ ወቅጦ፣ ሦስት ጊዜ አፍልቶ ጎረቤት ጠርቶ ለመጠጣት ከአንድ ሰዓት የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል። ሻይ ግን ውሃው እስኪፈላ ብቻ ይጠበቃል። ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጠላት ወረራ ዘመን ቡና ቤቶች በከተማው በዙ፤ ይህም የከተማውን ሰው ከደጅ መጠጥ ጋር አስተዋወቀው። በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር ከአገር ውስጥ ይገኝ ጀመር። በኢሉባቦር በጎሬ አጠገብ በጉመሮ በ1920ዎቹ የተጀመረው ተክል፣ በኋላም በከፋ በውሽውሽ የተከተለው፣ ቅጠሉን ራሱን የአገር ምርት አደረገው። ሰዓቱ ፍላጎቱን ፈጠረ፤ ስኳሩና ቅጠሉ ደግሞ ለድኻውም ቤት አደረሱት።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንለፍ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚፈጸመው መስከረም 25 ቀን ሲሆን፣ በማግሥቱ መጸው ይገባል። ይህ ወራት ለጧት ሻይ ልዩ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ሰማዩ ቢጠራም ማለዳው ይበርዳል። በክረምት የራሰው ከሰል መድረቅ ይጀምራል፤ ተዘግቶ የከረመው መስኮት ይከፈታል፤ ትምህርት ቤት ይገባል። ለዐውደ ዓመት የተደፋው ድፎ ዳቦ የተረፈው እንደ ሆነ ለጥቂት ቀን የሻይ ማባያ ይሆናል። መስከረም የወጪ ወር ስለ ሆነም፣ የበዓሉ ዕዳና የልጆች ደብተር በአንድነት በመጡበት ጊዜ፣ በትንሽ ገንዘብ ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚያሞቅ መጠጥ ዋጋው ይታወቃል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቅጥ አለው። የቤቱ እመቤት ወይም ታላቂቱ ልጅ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ እሳት ታያይዛለች። ማንቆርቆሪያው ተጣጥቦ ይጣዳል፤ ውሃው ሲንተከተክ ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ፣ አንዳንድ ጊዜም ሄል ይጨመራል። የቅመሙ ሽታ ቤቱን ሲሞላ ቅጠሉ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ገንፈል እንዳለ ይወርዳል። ብዙ የፈላ ሻይ ይመራል፤ ያልበሰለውም «ውሃ ውሃ ይላል» ተብሎ ይነቀፋል። ብርጭቆዎቹ በሰሐን ላይ ይደረደራሉ፤ ሻዩ በማጥለያ እየተጠለለ፣ ማንቆርቆሪያው ከፍ እየተደረገ ይቀዳል። መልኩ ከብርሃን ፊት ሲታይ ቀይ ሆኖ ማብራት አለበት። ለሻይ ስኒ ሳይሆን ብርጭቆ የተመረጠው፣ አንድም መልኩ እንዲታይ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ለቤቱ ታላቅ ነው። አያት በቤቱ ካሉ፣ ልጁ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» ብሎ ያቀርባል፤ እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ይቀበሉታል። ከዚያ ለአባት፣ ከዚያ ለእንግዳ ይቀዳል፤ ልጆች በዕድሜያቸው ተራ ይጠጣሉ፤ የቀዳችው ሴት መጨረሻ ናት። ስኳር ለታላቅ ሰው ተጠይቆ ይጨመርለታል፤ ለልጅ ግን እናቱ መጥና ትሰጠዋለች። ቅጠሉም አይጣልም፤ ብዙ ሰው ባለበት ቤት ውሃ ተጨምሮበት ሁለተኛ ይፈላል።

ከቡና ሥርዓት ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይገለጣል። ለጧት ሻይ ጎረቤት አይጠራም፤ ዕጣን አይጨስም፤ ቄጠማ አይጐዘጐዝም፤ የዙር ስምም የለውም። ቡና ቤቱን ለሰፈሩ ይከፍታል። በጧት ሻይ ግን የቤቱ ሰዎች ወደየሥራቸው ከመበተናቸው በፊት እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ማን በሌሊት አሞት እንደ ነበር፣ የማን ጫማ እንደ ተቀደደ፣ ማን ለትምህርት ቤት ምን እንደ ጎደለው የሚታወቀው በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። የቀኑ ወጪ የሚመከረውም፣ ልጅ የሚመከረውም በዚያው ላይ ነው።

ሻይ ከአገሩ ሥርዓት ጋር እንዴት እንደ ተስማማ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በጾም ነው። ረቡዕና ዐርብ፣ በሌሎቹም አጽዋማት፣ ጿሚው እስከ ተወሰነው ሰዓት ድረስ እህልም ውሃም አይቀምስም። ስለዚህ የጧት ሻይ በእነዚህ ቀናት ለታላላቆቹ የለም። ቢሆንም ማንቆርቆሪያው ለልጆችና ለሕመምተኞች ይጣዳል፤ ጿሚዋ እናት የማትቀምሰውን ትቀዳለች። የጾሙ ሰዓት ሲፈጸም ወተት የሌለበት ሻይ ተፈቅዶ ይጠጣል። በፍስክ ቀን ግን ወተት የሚጨምር አለ። እንዲህ ሆኖ ከሩቅ አገር የመጣው ቅጠል በፍስክና በጾም ተከፍሎ፣ የሳምንቱን ቀኖች የሚለይ ምልክት ሆኗል።

ይህ ዐይነቱ ለውጥ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው ጸሐፊ ከዚያ በፊት ጠጥቶት የማያውቀውን ሻይ በመሥሪያ ቤቱ ሳለ አስመጥቶ እንደ ጠጣ በዕለት ማስታወሻው መዝግቧል። ቀኑ በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ቀን 1660 ሲሆን፣ በእኛ መስከረም 28 ቀን 1653 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያ ዘመን ብዙው እንግሊዛዊ በጧት የሚጠጣው የገብስ ጠላ ነበር። የሻይ ቀረጥ በ1784 ከመቶ 119 ወደ 12 ተኩል እስኪወርድ ድረስ ሻይ ለድኻው ቤት ውድ ነበር። ዛሬ ግን ሻይ የእንግሊዝ ባህል አይደለም የሚል አይገኝም። ቅጠሉ የቻይና፣ በኋላም የሕንድና የሴሎን ሲሆን፣ ሥርዓቱን የእንግሊዝ ያደረገው ቤቱ ነው። ለዚያ የፈቀድነውን ፍርድ ለራሳችን ማዕድ መከልከል ተገቢ አይሆንም።

ከዚህ በላይ ከተነገረው አንድ የጥናት ትምህርት ይገኛል። የልማድን አገርኛነት በመጣበት አገር የምንለካ ከሆነ፣ ቡናን በስሞቹ፣ ሻይን በቅጠሉ፣ በርበሬን ከአሜሪካ ምድር በመምጣቱ ከማዕዳችን ልናወጣ ነው። የሚሻለው መለኪያ፣ ማን ለማን ቀድሞ ይሰጣል፣ ማን የመጨረሻውን ይወስዳል፣ በምን ቀን ይከለከላል፣ ምን ተብሎ ይመረቃል ብሎ መጠየቅ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የራሱ መልስ ያለው ልማድ፣ ትናንት የመጣም ቢሆን፣ የቤቱ ነው።

ይህ የጧት ሥርዓት ደግሞ በተራው እየተለወጠ ነው። በክር የሚንጠለጠለው የሻይ ከረጢት ማጥለያውንና የቅመሙን መጠን ያስቀራል፤ የመንገዱ መጨናነቅ የቤቱን ሰው በየሰዓቱ ስለሚያስወጣው ሁሉም በየራሱ ቀድቶ ይሄዳል። ሻይ በቤታቸው መፈላት የጀመረበትን ጊዜ ከወላጆቻቸው የሰሙ ሰዎችም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ለጥናት ወደ ሩቅ አውራጃ ከመውጣታቸው በፊት፣ በየቤታቸው ያሉትን አሮጊቶች ይጠይቁ ዘንድ እንመክራለን። ማንቆርቆሪያው መቼ ተገዛ? ከማን ሱቅ? ከእርሱ በፊት በጧት ምን ይጠጣ ነበር? አፈላሉን ያስተማረች ማን ናት? የቀዳች ሴት በመጻሕፍት ስሟ አልተመዘገበም፤ የሥርዓቱ ባለቤት ግን እርሷ ናት፤ ጥናቱም ከእርሷ ቃል መጀመር ይገባዋል።