ብልሽት ነው ወይስ ድምፅ? የቫልቭ አምፕሊፋየር አጭር ታሪክ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

“ጋሼ፣ ያንን የድሮ የጊታር ድምፅ እንዴት ላምጣው?” የሚል ጥያቄ ከቀድሞ ተማሪዎቼ በየጊዜው ይደርሰኛል። ብዙዎቹ መልሱ አንድ የተደበቀ ቁልፍ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ያ ድምፅ የተወለደው ከብልሽት፣ ከዕቃ ውድነት እና ዕቃን ካልተሠራበት ዓላማ ከማዋል ነው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ሁለት ጥፋት ይሠራል፦ ወይ “አስተካከልኩት” ብሎ ድምፁን ይገድለዋል፣ ወይ “ድምፁ እንዲህ ነው” ብሎ አደገኛውን ብልሽት ይተወዋል።

ከ1951 እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የአይክ ተርነር ባንድ “ሮኬት 88”ን ሊቀዳ ወደ ሜምፊስ ሲሄድ የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር መንገድ ላይ ተጎዳ። የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ሌላ ፍለጋ አልወጣም፤ የተጎዳው ስፒከር ላይ ወረቀት ጠቅጥቆ ቀዳው። ያ የሻከረ ድምፅ ያለበት ዘፈን በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የትንሿን የኤልፒኮ አምፕሊፋየር ስፒከር በምላጭ ሸነታትሮ “ዩ ሪሊ ጎት ሚ” ላይ ተጫወተባት። አንዱ በአጋጣሚ፣ ሌላው ሆን ብሎ፤ ሁለቱም ግን “ብልሽት” የሚባለውን ወደ ሙዚቃ አስገቡት።

ትልቁ ታሪክ ያለው ግን ፌንደር ቤዝማን ላይ ነው። ስሙ እንደሚለው ለቤዝ ጊታር ነበር የተሠራው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ይዞ ሲወጣ ግን ሊድ ጊታሪስቶቹ ወደዱት። ለምን? ድምፁ ከፍ ሲል ቫልቮቹ ከአቅማቸው በላይ ይገፉና የሞገዱን ጫፍ እየጨፈለቁ ያወፍሩታል። ኃይል የሚያቀርበው ክፍልም ጠንከር ብላችሁ ስትመቱት ለአፍታ ዝቅ ይልና መልሶ ይነሳል። ክሩ ከጣታችሁ ጋር የሚተነፍስ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

እንግሊዝ አገር ደግሞ የአሜሪካ አምፕሊፋየር ውድ ነበር። በምዕራብ ለንደን ሃንዌል የከበሮ መሸጫ የነበረው ጂም ማርሻል፣ ከጠጋኙ ኬን ብራን እና ከወጣቱ ደድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ በ1962 የቤዝማንን ንድፍ ገለበጠ። ጄቲኤም45 የሚባለው ማለት ነው። ንድፉ ያው ሆኖ ዕቃው ግን ተለየ፦ ትራንስፎርመሩ የእንግሊዝ፣ የኃይል ቫልቮቹ ቆይተው ኬቲ66፣ ስፒከሮቹ ጀርባው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያሉ ባለ 12 ኢንች ሴለስቲዮን። በቅጂው ውስጥ አዲስ ድምፅ ተወለደ። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ጋር ሲቀዳ ማርሻሉን ስቱዲዮ ውስጥ አስጩኾ ተጫወተበት፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የእጅ ትምህርት ምንድነው?

አንደኛ፣ በቤዝማን ዓይነት ንድፍ ላይ ያሉት ቤዝ፣ ሚድል እና ትሬብል ቁልፎች ድምፅ አይጨምሩም፤ ይቀንሳሉ እንጂ። ስለዚህ መሐል ላይ አድርጋችሁ ጀምሩና የሚረብሸውን ቀንሱ። ሁለተኛ፣ የድሮው ድምፅ የሚገኘው የኃይል ቫልቮቹና ስፒከሩ ሲሠሩ ነው። አምፕሊፋየሩን ከፍ አድርጉና ጊታሩ ላይ ባለው ቮልዩም ጥራቱን ተቆጣጠሩት። ቤት ውስጥ ጎረቤት ካስቸገረ ትንሽ ዋት ያለው ምረጡ። ሦስተኛ፣ ስትፈትሹ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አለበለዚያ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

አሁን ደግሞ “ድምፅ” ተብለው መታለፍ የሌለባቸው። ጊታር ሳይሰካ እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ ብዙ ጊዜ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ማርጀታቸውን ይናገራል። ቫልቩን በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ስትነኩ ቢደወል ቫልቩ ደክሟል። ውስጡ ብርቱካናማ ብርሃን መኖሩ ጤና ነው፤ ውጪ ያለው የብረት ሳህን ከቀላ ግን ወዲያው አጥፉት፣ ቫልቩ እየተቃጠለ ነው። ስፒከር ሳይገናኝ ደግሞ ፈጽሞ አታስነሱት፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 120 ቮልት የሚለውን ቀጥታ የኛ 220 ላይ መሰካት መግደል ነው፤ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ያስፈልጋል።

ይህንን ደግሞ በደማቁ ያዙልኝ፦ እነዚህ ሳጥኖች ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ሶኬቱን ከነቀላችሁ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ሥራውን የተማራችሁ በሬዚስተር አራግፋችሁ፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ብቻ እጃችሁን አስገቡ። ያልተማራችሁ ክዳኑን አትክፈቱት። የትኛውም ድምፅ የሰው ሕይወት አያህልም።

ስለዚህ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ የቫልቭ አምፕሊፋየር ያላችሁ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ብዙ ጊዜ የሞተው ካፓሲተሩ ነው፤ እሱ ይቀየር። ትራንስፎርመሩ እና ስፒከሩ ደህና ከሆኑ ግን አይነኩ፤ ድምፁ ያለው እዚያ ነው። ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ሰላም ሁኑልኝ።