ጠመቃ በመኪና፦ የቀረውና ያልቀረው ድካም

መኪና የሰውን ድካም ምን ያህል አቃለለ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፋብሪካ ሲነገር ነው። የጓዳው ሥራ እምብዛም አይመዘንም። ጠመቃ ግን በፋብሪካም በጓዳም የሚከናወን ሥራ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ያመቻል።

በለንደን ከተማ የዊትብሬድ ቢራ ጠመቃ በ1785 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቦልተንና ዋት የሠሩትን የእንፋሎት ሞተር ተከለ። ቀደም ሲል የብቅሉን ወፍጮ ያዞሩ የነበሩት ፈረሶች ናቸው። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በ1787 ጠመቃውን ጎበኙ። ሞተሩ የገባው ብቅል ለመፍጨትና ውሃ ለመሳብ ነበር፤ ይኸውም ከሁሉ በፊት ያረፉት ፈረሶቹ ናቸው ማለት ነው።

የቤት ጠመቃ መኪና የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ሲነሣ ወይን በቤት መጥመቅ ተፈቀደ፤ ቢራ ግን ሳይፈቀድ ቀረ። ፕሬዚዳንት ካርተር የፈቀደውን ሕግ የፈረሙት በጥቅምት 1978 ነው። ከዚያ ወዲህ ጠማቂው በዛ፤ መኪናውም ተከተለ። በሲያትል ከተማ በ2010 የተቋቋመው ፒኮብሩ ዛይማቲክ የተባለ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ኩባንያው በ2020 ሥራውን አቆመ። በጀርመን የተሠራው ብራውማይስተርም ማሞቂያና ፓምፕ በአንድ ድስት ያጣመረ ነው።

እንግዲህ ምን ተረፈ? የተፈጨው ብቅል በ65 ዲግሪ ገደማ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ተጣርቶም ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባ ጋር ሌላ አንድ ሰዓት ይፈላል። ኤንዛይሙ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው በራሱ ፍጥነት ነውና መኪናው ሰዓቱን ብዙም አያሳጥርም። እርሾውም የሚብላላው ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ወስዶ ነው። የተረፈው ሙቀት መጠበቅና ማማሰል ነው፤ ጠማቂው ከምድጃው ርቆ ሌላ ጉዳይ ሊሠራ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ማጠቡ፣ ጠርሙስ መሙላቱና መክደኑ አልቀሩም፤ እንዲያውም የሚታጠብ ቧንቧና ፓምፕ ተጨመረ።

በእኛም አገር የወፍጮ ቤት መምጣት ለጠላ ጠማቂዋ ያደረገው ከዚህ ይመሳሰላል። ጎህ ሳይቀድ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብሎ መፍጨት ቀረላት። (እህሉን ተሸክሞ መሄድና ተራ መጠበቅ በምትኩ መጣ።) ብቅል ማብቀል፣ ጌሾ ማስጣት፣ እንኩሮ ማዘጋጀት፣ ጋኑን በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን፣ ማጥለልና ከሁሉም በላይ ውሃ መቅዳት ግን እንዳሉ ነበሩ። በእኔ አስተያየት ውሃ በቦንብ ቤት ድረስ መግባቱ ከየትኛውም የጠመቃ መኪና ይበልጣል።

የታሪክ መምህር ይህን ለክፍሉ ሊያቀርበው ይችላል። ተማሪዎች እናቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ጠይቀው፣ እጅ ሥራ ላይ የሚውልበትን ሰዓትና ጥንስሱ ብቻውን የሚቆይበትን ጊዜ ለይተው ይጻፉ፤ ወንዶቹም ጭምር።