ኦኬሎ አኳይ

አቶ ኦኬሎ አኳይ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ጭፍጨፋ ሲፈጸም የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ነበሩ። ዕለቱ የተጀመረው ስምንት ሰዎች በመኪና ሲጓዙ ተደብቀው በጠበቋቸው ታጣቂዎች በመገደላቸው ነው። አስከሬናቸው ከተማ ሲገባ፣ ታጣቂዎቹ የአኙዋክ ብሔረሰብ ተወላጆች ናቸው በሚል የበቀል ዱላው በአኙዋኮች ላይ አረፈ፤ ጎጆዎች ተቃጠሉ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሟቾቹን 65 ሲል፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች እስከ 424 አድርሷቸዋል፤ ከገዳዮቹም መካከል የመከላከያ ወታደሮች እንደነበሩ ጽፏል። ኦኬሎ በሳምንታት ውስጥ አገር ጥለው ወጡ። ጥፋቱን በአኙዋኮች ላይ እንዲያላክኩ ተገፋፍተው እምቢ እንዳሉም ተናገሩ።

«መሪ ሕዝቡን ጥሎ አይሸሽም» የሚለው ወቀሳ ቀላል አይደለም፤ ከእሳቸው መሄድ በኋላም ግድያው በገጠሩ ቀጥሏል። ይሁን እንጂ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት መከላከያን የሚያዝዘው ፌዴራል መንግሥት እንጂ ክልል አይደለም። በእጃቸው የቀረው ሥልጣን ፊርማቸውና ቃላቸው ነበር፤ ያንን አላዋሱም። ወንበራቸውን ለማትረፍ ቢፈልጉ ኖሮ ዝም ማለት ይቀላቸው ነበር። የኖርዌይ ዜግነት ካገኙ በኋላም መናገራቸውን አላቆሙም። በ2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተላልፈው ተሰጡ፤ በ2008 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። አስተዳደራቸው ጭፍጨፋውን አላስቆመም፤ ይህ እዳ በስማቸው ይቆያል። የሐሰት ምስክርነቱ ግን አይቆይባቸውም።