ቤት ጊዮርጊስ ላይ የፈረሰው ውል

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1946፣ አገሩ ኤርትራ ነው። ጣሊያን ተሸንፏል፤ እንግሊዝ ለጊዜው ያስተዳድራል። ከተሜውም ባላገሩም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ነገ የማን ነን?

ገሚሱ ከኢትዮጵያ እንዋሐድ ይላል፤ ገሚሱ ለብቻችን እንቁም ይላል። ሆኖም የሁለቱም ወገን ታላላቆች ተቀምጠው መከሩ። ኤርትራ የራሷ አስተዳደር ይኑራት፣ ውሕደቱም በዚህ ውል ይሁን ብለው ተስማሙ። ይህንኑ ሊያጸድቁ ኖቬምበር 24 ቀን ከአስመራ ወጣ ብላ በምትገኘው ቤት ጊዮርጊስ ተሰበሰቡ።

ተሰበሰቡና ምን ሆነ? ከአንድነት ወገን ተድላ ባይሩ ተነሡ፤ ለብቻችን እንቁም የሚሉትን ወልደአብ ወልደማርያምን የያዟቸው ግን በሐሳባቸው ሳይሆን በዘራቸው ነበር። ወላጆቹ ከትግራይ የመጡ ሰው በኤርትራ ጉዳይ ምን አገባው ነው ነገሩ። ልብ በሉ! ወልደአብ ሰራዬ የተወለዱ፣ የትግርኛውን ሳምንታዊ ጋዜጣ የሚያዘጋጁ መምህር ናቸው። በኤርትራና በትግራይ መካከል ካለው ከመረብ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ያለው ሕዝብ አንድ ነው የሚል ወገን፣ መረብን በሰው የትውልድ ሐረግ ላይ አሰመረው።

ውሉ እዚያው ፈረሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከረን ላይ ውሕደቱን የሚቃወመው የሙስሊሞቹ ማኅበር፣ ራቢጣ፣ ኢብራሂም ሱልጣንን ዋና ጸሐፊ አድርጎ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ የውጭ አጣሪ በመጣ ቁጥር አንዱ ባንዲራውን ይዞ በወዲህ፣ ሌላው በወዲያ አደባባይ ይወጣል። የራቢጣው አብዱልቃድር ከቢሬ ለአቤቱታ ወደ ኒው ዮርክ ሊነሡ ሲሉ በ1949 አስመራ ላይ ተገደሉ። በፌብሩዋሪ 1950፣ የተባበሩት መንግሥታት የአምስት አገር መልእክተኞች እዚያው ሳሉ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ የአስመራ ክርስቲያንና እስላም ለቀናት ተጋደሉ። በደርዘን የሚቆጠር ሰው ሞተ። የሁለቱም ሃይማኖት ሽማግሌዎች መካከል ገብተው አስታረቁ። አምስቱ መልእክተኞች ግን በአንድ ቃል መመለስ አልቻሉም።

ኤርትራን ከኢትዮጵያ ያጣመረው ፌዴሬሽን በ1950 ተወሰነ፣ በ1952 ጸና፣ በ1962 ፈረሰ። ለኤርትራ ነጻነት የተደረገው ጦርነት ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

እኔ ዕዳውን ለኤርትራውያን ብቻ አልተውም። ከአንድነት ማኅበሩ ጀርባ የአዲስ አበባ መንግሥት ገንዘብና እጅ ነበረ፤ እኛም ይህን ለልጆቻችን መንገር አለብን።

ወልደአብ ከሰባት የግድያ ሙከራ ተረፉ። በ1953 ተሰደዱ፤ ካይሮ ኖሩ። “አገርህ አይደለም” ወደተባሉበት አገር ከነጻነት በኋላ ተመልሰው፣ በ1995 አስመራ ላይ አረፉ።