ትንሿ ከተማና ፍሳሿ

በማኅበራችን ግቢ ያለው የጋራ ሽንት ቤት ባለፈው ክረምት ሞልቶ ወደ መንገድ ሲፈስ፣ ለማስመጠጫ መኪና በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ከፍለናል። ሂሳቡን የምንይዘው እኛ ስለሆንን ነገሩ ያንገበገበን ደረሰኞቹን ስንደምር ነው። ሌላው አገር ምን አድርጎ ይሆን ብለን ስናነብ የአርኬታን ታሪክ አገኘን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አርኬታ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በሁምቦልት የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለች፣ ሕዝቧ 20,000 የማይሞላ ከተማ ናት። የቆየ ሥራዋ እንጨት መሰንጠቅ ነበር፤ በወሽመጡ ደግሞ ኦይስተር ይረባል። ፍሳሿን በ1949 በመጠኑ ማጣራት ጀመረች፤ በ1957 ሰፋፊ ኩሬዎች ቆፈረች፤ በ1966 ክሎሪን ጨመረች።

በ1974 የካሊፎርኒያ መንግሥት አዲስ መመሪያ አወጣ። የተጣራ ፍሳሽ ቢሆንም ውሃውን የሚያሻሽል ካልሆነ በቀር ወደ ወሽመጥ እንዳይለቀቅ ከለከለ። በወሽመጡ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተባብረው አንድ ትልቅ ማጣሪያ እንዲሠሩ፣ ፍሳሹም በረጅም ቧንቧ ተገፍቶ ውቅያኖስ ውስጥ እንዲደፋ ታቀደ። ግምቱ በጥቂት ዓመታት ከ50 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲቀርብ ሰው የሚያየው የግንባታውን ዋጋ ብቻ ነው። እኛን ያሳሰበን ግን በየዓመቱ የሚመጣው ነው፤ የፓምፑ መብራት፣ የቧንቧው ጥገና፣ የብድሩ ወለድ። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ያው ነዋሪው ነው።

አርኬታ አልስማማም አለች። በሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት መምህር የነበሩት ጆርጅ አለን የተጣራ ፍሳሽ ከባሕር ውሃ ጋር ቀላቅለው የሳልሞን ጫጩቶች ያሳድጉ ነበር። ዓሣ የሚያድግበት ውሃ ወሽመጡን እንዴት ይጎዳል? መሐንዲሱ ሮበርት ጊርኸርት ደግሞ ፊላና ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ ውሃውን የበለጠ እንደሚያጠራ ለማሳየት ተነሡ። ከከተማው ምክር ቤት ዳን ሃውዘር ጉዳዩን ይዘው ተሟገቱ። የክልሉ ባለሥልጣናት ቶሎ አላመኑም፤ ከ1979 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል በትንንሽ የሙከራ ረግረጎች ማስረጃ መሰብሰብ ግድ ሆነ። ፈቃዱ የተገኘው በ1983 ነው።

ቦታው የተመረጠው ማንም ከማይፈልገው መሬት ነበር፤ የተዘጋ የቆሻሻ መጣያና ግንድ ይከማችበት የነበረ ኩሬ። አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። ጠጣሩ ቆሻሻ መጀመሪያ በገንዳ ውስጥ ይዘቅጣል። ፈሳሹ ወደ ኩሬዎቹ ሲያልፍ ባክቴሪያና አልጌ የቀረውን ይበሉታል። ከዚያ ረግረጉ ውስጥ በዝግታ ሲሄድ በዕፅዋቱ ግንድና ሥር ላይ የተጣበቁ ተሕዋስያን ሥራውን ይቀጥላሉ፤ የዕፅዋቱ ጥላም አልጌው እንዲሞትና እንዲዘቅጥ ያደርጋል። በመጨረሻም ከጀርም እንዲጸዳ ታክሞ ወደ ወሽመጡ ይለቀቃል። ከ300 በላይ የወፍ ዓይነቶች የታዩበት ይህ ረግረግ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ ሰው ምሳውን ይዞ ይመጣል። ሦስቱ ረግረጎች በአለን፣ በጊርኸርትና በሃውዘር ስም ተሰይመዋል።

ሥራው በ1986 ተጠናቀቀ፤ ወጪውም 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በተከታዩ ዓመት የፎርድ ፋውንዴሽን ሽልማት አገኘ።

ለጋሾቻችን ይህን ሲያነቡ «ረግረግ በነፃ ያጣራል» እንዳይሉ ግን አንድ ነገር እንጨምር። በኩሬዎቹ ሥር ዝቃጭ ይከማቻል፤ መጥረግ አለበት። የክረምት ዝናብ በአሮጌ ቧንቧዎች እየሰረገ ጣቢያውን ያጨናንቀዋል። ቦታው ዝቅተኛ በመሆኑ የባሕሩ ከፍታ መጨመርም ያሰጋዋል። ዕቃውም አርጅቶ ከተማዋ እድሳት ላይ ሌላ ገንዘብ ማውጣት ግድ ሆኖባታል።

የእኛ ግቢ ለረግረግ አይበቃም። ሆኖም ለአዲሱ ሽንት ቤት በቀረበልን የዋጋ ማቅረቢያ ላይ የማስመጠጫና የጥገና መስመር የለበትም። ያ መስመር ተሞልቶ እስኪመጣ ድረስ ፊርማችንን አላኖርንበትም።