ከካርቱም የሚነሳ ድምፅ፦ የመኪና ሬድዮ በሱዳንና በኢትዮጵያ መንገዶች

ሳጃና ከካርቱም መሃል ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በግንባታ ዕቃ ገበያው ነው፤ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቀለሙና ቧንቧው በየመደብሩ ተደርድሮ ይሸጥበት ነበር። ጎረቤቱ ዴም ነው። በነዚህ የደቡብ ካርቱም ሰፈሮች ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ስደት ያመጣቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤት ተከራይተው ኖረዋል፣ ልጆች አሳድገዋል። በሹፌርነት፣ በመካኒክነትና በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራቸውን ያገኙም ብዙ ናቸው።

የነዚህ ሰዎች ሙያ ከካርቱም ከሚነሱት ረጃጅም መንገዶች ጋር የተሳሰረ ነበር። ገዳሪፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከእሱ አልፎ ገላባትና መተማ፣ ቀጥሎም ጎንደር ነው። በምዕራብ በኩል ያለችው ጀኒና ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መኪና ቢበላሽ፣ ጎርፍ ቢቆርጠው፣ ሽፍታ ቢያስቆመው የሹፌሩ ተስፋ ድምፁን የሚሰማ ሰው ማግኘት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ድምፅ ስላደረሰው መሣሪያ፣ መኪና ላይ ስለሚገጠመው የመገናኛ ሬድዮ ይተርካል።

በበቅሎ የተጫነው ሬድዮ

ካርቱም በኢትዮጵያ የሬድዮ ታሪክ ውስጥ ቀድማ የምትነሳው በአርበኞች ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ሲገቡ ከተማይቱ ጣሊያንን ለማስወጣት የሚደረገው ዝግጅት መናኸሪያ ሆነች። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 6 ቀን፣ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለ የእንግሊዞች ቡድን ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ ሆነው አብረው የዘመቱት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። ቡድኑ ከካርቱም ጋር የሚገናኘው በበቅሎ ተጭኖ በተጓዘው ሬድዮ ነበር። የጎጃም አርበኞች ምን ያህል መሣሪያ እንደሚፈልጉ፣ ጣሊያን የት የት እንደሰፈረ፣ አውሮፕላን የት ሊያርፍ እንደሚችል ካርቱም የሰማችው በዚያ መንገድ ነው። የእንግሊዙ መኮንን ሜጀር ኦርድ ዊንጌት በኅዳር 1933 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጎጃም ውስጥ ሰከላ ድረስ ሄዶ ሳንድፎርድን ያገኘውም በሬድዮ ቀድሞ የተሰናዳ መገናኛ ስለነበረ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኡምኢድላ በኩል ድንበሩን ሲያልፉ ጉዞው በካሚዮን ተጀመረ። ወደ በላያ የሚወስደው ጫካ ግን መንገድ አልነበረውም። ካሚዮኖቹ በገደልና በድንጋይ ተሸነፉ፤ ጓዙ በግመልና በበቅሎ ቀጠለ። ሬድዮን መኪና ላይ አስቀምጦ መሄድ ገና ሩቅ ሕልም ነበር። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ከባትሪው፣ ከባትሪ መሙያ ሞተሩና ከአንቴናው ጋር ከባድ ጭነት ነው። ለመናገር መቆም፣ ጓዝ ማውረድ፣ ሽቦ ዛፍ ላይ መስቀልና በሞርስ ፊደል መምታት ያስፈልግ ነበር።

ከዚህ ቀደም ሲል የደረሰ መራራ ትምህርትም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ በፊት ጣሊያኖች የኢትዮጵያን ጦር የሬድዮ መልእክቶች እየጠለፉ ያነቡ ነበር። ሬድዮ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ይሰማል። ስለዚህ መቼ መናገር፣ ምን ያህል መናገርና መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ማወቅ የሙያው አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል።

ሬድዮ መንኮራኩር ሲያገኝ

መኪና ላይ ሬድዮ መግጠምን በሥራ ያስለመዱት የአሜሪካ ፖሊሶች ናቸው። የዲትሮይት ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1928 በመኪኖቹ ላይ የገጠመው ሬድዮ መስማት ብቻ የሚችል ነበር፤ ጣቢያው ይናገራል፣ ፖሊሱ ይሰማል፣ መልስ ለመስጠት ግን ስልክ መፈለግ ነበረበት። መኪናውም ጣቢያውም እየተቀባበሉ የሚነጋገሩበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1933 በኒው ጀርሲዋ ቤዮን ከተማ ሥራ ላይ ዋለ።

በረሃው ግን የከተማውን ዘዴ አይቀበልም። ይህን በሰሜን አፍሪካ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1940 በሜጀር ራልፍ ባግኖልድ የተቋቋመው የእንግሊዞች የረጅም ርቀት የበረሃ ቅኝት ቡድን ነበር። በሸቭሮሌ ካሚዮኖቹ ላይ የጫነው ቁጥር 11 የተባለ ሬድዮ በአጭር አንቴና ከ5 እስከ 32 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። ሬድዮነኞቹ ግን ካሚዮኑን አቁመው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ረጅም ሽቦ እየወጠሩ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ተገናኙበት። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው አንቴናው ነው። 

የረጅም ርቀት ሬድዮን ለሰላማዊ ሰው ያበቁት ርቀትን በየቀኑ የሚኖሩት አውስትራሊያውያን ናቸው። አልፍሬድ ትሬገር እ.ኤ.አ. በ1929 በእግር ፔዳል የሚሠራ ሬድዮ ሠርቶ ከሰው ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎችን ከበራሪ ሐኪሞች ጋር አገናኘ። በዚያው አገር፣ በአዴሌድ ከተማ፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞች እ.ኤ.አ. በ1959 ያቋቋሙት ድርጅት በኋላ ኮዳን የሚል ስም ይዞ በመኪና ላይ የሚገጠም የረጅም ርቀት ሬድዮ አምራች ሆነ። ነጭ ላንድክሩዘር ከፊቱ ረጅም አንቴና ተክሎ ሲያልፍ ያየ የሱዳንም ሆነ የኢትዮጵያ ገጠር ሰው፣ የዚህን ድርጅት ወይም የመሰሎቹን ሥራ አይቷል ማለት ነው።

የረሃቡ ዓመታት

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገረው ሕዝብ ወድ ከውሊ፣ ወድ ሸሪፌና ኡም ራኩባ በመሳሰሉ መጠለያዎች ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1981 በካርቱም የተቋቋመው የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ዴስክ እህሉን ከሱዳን በኩል ወደ ኤርትራና ትግራይ ያሻግር ነበር። ካሚዮኖቹ የአየር ድብደባ ስለሚያሰጋቸው ቀን ተደብቀው ሌሊት ይጓዙ ነበር። የእህል ከረጢት በሰዓቱ ካልደረሰ ሰው ይሞታል፤ ካሚዮኑ የት እንደቆመ ካልታወቀ ደግሞ ሌላ ካሚዮን መላክ አይቻልም። በዚያ ዘመን እርዳታን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ የመጓጓዣ ችግር ነበር፤ መገናኛም የመጓጓዣው ግማሽ አካል ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1989 የተባበሩት መንግሥታት የሱዳን የሕይወት መስመር ዘመቻን ሲጀምር የሰሜኑ ዘርፍ ከካርቱም፣ የደቡቡ ደግሞ ከኬንያ ይመራ ነበር። ስልክ በሌለበት የደቡብ ሱዳን ምድር የረጅም ርቀት ሬድዮ የሥራው ጀርባ አጥንት ሆነ። እህል የሚራገፈውም፣ በሽተኛ የሚመላለሰውም፣ ጥይት ሲሰማ ሠራተኞቹ የሚወጡትም በሬድዮ እየተነጋገሩ ነበር። ካርቱም ላይ ተቀምጦ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን መኪና የሚጠራ የሬድዮ ክፍል የብዙ የእርዳታ ድርጅቶች ልማድ ሆነ።

የሚገጥመው እጅ

ይህ ሁሉ ታሪክ መጨረሻ ላይ የሚወድቀው ጋቢናው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሽቦ በሚስበው ባለሙያ እጅ ላይ ነው። በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ ሬድዮ በመጥፎ አገጣጠም ዲዳ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ኃይል ነው። 100 ዋት የሚያወጣ ሬድዮ በሚናገርበት ጊዜ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ እስከ 20 አምፔር ገደማ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ሽቦው ወፍራም ሆኖ በቀጥታ ከባትሪው መምጣት አለበት፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይቀመጣል። ከሲጋራ መለኮሻው ወይም ከቴፑ ሽቦ ላይ የተቀጠለ ሬድዮ ሹፌሩ መናገር ሲጀምር ይጠፋል፤ ሽቦው ግሎ እሳት ሊነሳም ይችላል። የጭነት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 24 ቮልት ናቸው። ለ12 የተሠራውን ሬድዮ ያለ መቀነሻ የሚያገናኝ ሰው በአንድ ሰከንድ ያቃጥለዋል። ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ብቻ ቮልቱን መስረቅም ያንን ባትሪ እየገደለ ይሄዳል።

ሁለተኛው አንቴናና የቦዲው ግንኙነት ነው። በ5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሬድዮ የሞገዱ ርዝመት 60 ሜትር ነው፤ ሩቡ እንኳ 15 ሜትር ይሆናል። መኪና ላይ የሚተከለው ዘንግ ግን 3 ሜትር ቢደርስ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ከአንቴናው ሥር የሚቀመጠው መጠምጠሚያ ወይም ራሱን የሚያስተካክል ቱነር ሲሆን፣ የቀረውን ግማሽ ሥራ የሚሠራው የመኪናው ብረት ነው። ስለዚህ ባለሙያው አንቴናው ፓራውልት ላይ በሚታሰርበት ቦታ ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ይፍቃል፤ በጠፍጣፋ የመዳብ ጥልፍ ፓራውልቱን ከሻንሲው፣ ኮፈኑን ከቦዲው ያያይዛል። ይህ ካልተደረገ ኃይሉ ወደ ሰማይ ከመውጣት ይልቅ በመኪናው ውስጥ ይባክናል፤ ዲናሞው የሚያሰማው ፉጨትም ድምፁን ያፍናል። አንቴናውን በሚናገሩበት ሰዓት በባዶ እጅ መንካት ያቃጥላል፤ በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ዘንጉን አቁሞ ማለፍ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ይህንን ለሹፌሩ ሳይናገር ሥራዬን ጨረስኩ የሚል ባለሙያ ግማሹን ትቶታል።

ሦስተኛው ሰማዩን ማወቅ ነው። የረጅም ርቀት ሬድዮ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከመሬት በላይ ከመቶ ኪሎ ሜትር እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው አዮኖስፌር ተመልሶ ይወርዳል። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይለዋወጣል። ቀን በ7 ወይም በ8 ሜጋኸርዝ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ማታ ይጠፋል፤ ማታ ወደ 3 ወይም 4 መውረድ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው መኪናው ቢያንስ የቀንና የማታ ሁለት ቻናል ይዞ የሚወጣው። በከተማ ውስጥና በቅርብ ርቀት የሚሠራው ሌላው የሬድዮ ዓይነት፣ ቪኤችኤፍ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ቢኖረውም ተራራ ያግደዋል፤ ረጅም መንገድ ላይ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የሚሰማ ሰው

ከመሣሪያው ቀጥሎ ሥርዓቱ አለ። ጠሪው አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ሌላ ሰው እየተናገረ ከሆነ ይታገሣል። ከዚያ የሚጠራውን ጣቢያ ስም፣ ቀጥሎ የራሱን መጠሪያ ይላል። ንግግሩ አጭር ይሆናል፤ ሲጨርስ «ኦቨር» ይላል። ሲነሳ የመነሻ ሰዓቱን፣ የመኪኖቹንና የሰዎቹን ቁጥር፣ ይደርሳል ብሎ ያሰበበትን ሰዓት ያሳውቃል፤ መንገድ ላይም በተወሰነ ሰዓት ያለበትን ይናገራል። በሬድዮ ክፍል ያለው ሠራተኛ ሁሉንም በመዝገብ ይጽፋል። የተጠበቀው ድምፅ በሰዓቱ ካልመጣ ይጠራል፤ መልስ ካጣ በመንገዱ ላይ ያሉትን ሌሎች መኪኖች ይጠይቃል፤ አሁንም ካጣ ፍለጋ እንዲወጣ ያደርጋል።

መኪናው ላይ የተገጠመው ሣጥን ዋጋ የሚኖረው በዚህ ሰንሰለት ጫፍ ነቅቶ የሚያዳምጥ ሰው ሲኖር ነው። ለሬድዮ ገንዘብ መድበው ለማታው ተረኛ ያልመደቡ ቢሮዎች ሠራተኞቻቸውን በሐሰት ተስፋ መንገድ ይልካሉ።

ስልኩ ሲጠፋ

የሞባይል ስልክ ሲስፋፋ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሬድዮውን እንደ አሮጌ ዕቃ ማየት ጀመሩ። ያለፉት ዓመታት ግን ጠንካራ ምላሽ ሰጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት የትግራይ ስልክ ሲቋረጥ ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ሐምዳይት የመግቢያ በር ሆነች፣ ኡም ራኩባም ከብዙ ዓመት በኋላ ዳግመኛ የኢትዮጵያውያን መጠለያ ሆነች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ውጊያ ሲፈነዳ ስደቱ አቅጣጫውን ቀየረ። ሳጃናንና ዴምን የመሳሰሉ ሰፈሮች ነዋሪዎቻቸውን አጡ፤ በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ወገኖቻችን በገላባት በኩል ወደ መተማ መጡ፤ ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አብዛኛው ሱዳን ከስልክና ከኢንተርኔት ውጭ ሆነ።

በእንዲህ ያለ ቀን ማማም፣ ኬብልም፣ የማንም ኩባንያ ፈቃድም ሳይጠብቅ ከባትሪና ከሰማይ ጋር ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ምን እንደሚያወጣ መናገር አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1998 በታምፔሬ ተፈርሞ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበሉት አገሮች በአደጋ ጊዜ የመገናኛ መሣሪያ ድንበር እንዲያልፍ በተቻለ መጠን የፈቃድ ማነቆውን እንዲያላሉ ይጠይቃል። ሆኖም የሕጉ መልካምነት ብቻውን መኪና ላይ ሬድዮ አይገጥምም።

የቆላ ወረዳ አምቡላንሶቻችን፣ የጤናና የእርዳታ መኪኖቻችን፣ በመተማ መስመር የሚመላለሱ ከባድ መኪኖቻችን ዛሬም ኔትወርክ ከጠፋ ብቻቸውን ናቸው። በካርቱም ጋራዦች ሰልጥነው የተመለሱ የኛ ሰዎች አሉ። ሙያቸውን በሙያ ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ማድረግ፣ በየዞኑ ሌሊትና ቀን የሚያዳምጥ የሬድዮ ክፍል ማቋቋም፣ ለአምቡላንሶች ቋሚ የቀንና የማታ ቻናል መመደብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሳንድፎርድና አዛዥ ከበደ በበቅሎ ጭነው ያሻገሩት መሣሪያ የጎጃምን ድምፅ ካርቱም ካደረሰ፣ ዛሬ አንዲት ወላድ የያዘ አምቡላንስ ሆስፒታሉን ቀድሞ መጥራት የማይችልበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።