ብርሌ ያለው ጠጅ፣ ጠርሙስ የሌለው አረቄ

ስለ መጠጥ ታሪክ እንጻፍ ስንል «ሌላ የሚጻፍ ጠፋ?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን የአንድን ዘመን ኑሮ ለማወቅ ሰው የጠጣውን ብቻ ሳይሆን የጠጣበትንም ዕቃ ማየት ይገባል እንላለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንቱ ዘመን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ተራው ሰው ጠላውን በቅልና በሸክላ ሲጠጣ፣ ጠጁ በቀንድ ዋንጫ፣ ኋላም ሆዱ ድቡልቡል አንገቱ ቀጭን በሆነው ብርሌ ይቀርብ ነበር። ብርጭቆ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለ ነበረ ብርሌ መያዝ ራሱ ማዕረግ ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል፤ ቅልማ ቢሰነጠቅ ተሰፍቶ ያገለግላል።

እስቲ ወደ አርሲ እንውጣ። ከጭላሎ ግርጌ እስከ በቆጂ ያለው ደጋ የገብስ አገር ነው። ኦሮሞው ከእህል የሚጠመቀውን ፋርሶ፣ ከማር የሚጣለውን ዳዲ ይለዋል። ከ1882 እስከ 1886 በተደረገው ዘመቻ አርሲ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ግን መሬቱም ባለቤት ለወጠ። በዚያ ዘመን በተያዙት የደቡብ አገሮች ገባሩ ከሚያገባው ግብር አንዱ ማር ነበር። ቀፎው የገባሩ፣ ብርሌው የመልከኛው ሆነ ማለት ነው።

አረቄ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ስሙ «ላብ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ እንደ ላብ ይንጠባጠባልና። ይኸው ቃል የቃኘው ሻለቃ በ1951 እስከ ዘመተባት እስከ ኮሪያ ድረስ ተጉዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት ሞንጎሎች የማንጠር ጥበቡን ወደዚያ ወስደውት፣ በኬሶንግ ከተማ ሶጁን «አራክጁ» ይሉት ነበር። በጃፓን አገዛዝ ዘመን የቤት ጠመቃ በግብርና በፈቃድ ታነቀ። በ1965 ደግሞ እህል ለመቆጠብ ሲባል ሩዝ ለመጠጥ እንዳይውል ተከለከለ። ሊጠፋ የደረሰው የአንዶንግ ሶጁ በ1987 በክፍለ ሀገሩ የባህል ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ዛሬ የከተማውን ስም ይዞ በሸክላ ጠርሙስ ይሸጣል።

የእኛውስ? ከአርሲ ደጋ በስተ ምዕራብ፣ ከሙኔሳ ደን ግርጌ ያለችው አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ናት። የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። ጌሾና ብቅል ከእህል ጋር ተደፍድፎ ይብላላል፤ ድፍድፉ ይጣድና እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ እንጨቱም ከሙኔሳ ደን ነው የሚመጣው። ታዲያ ይህ ሁሉ ተለፍቶበት አረቄው በጀሪካን ይጫናል፤ ሌላ መጠጥ በነበረበት ጠርሙስ ይቀዳል፤ በመለኪያ ይጠጣል። «የነገሌ አረቄ» የሚለው ስም በሰው አፍ እንጂ በጠርሙስ ላይ የለም።

አሰላ ላይ ደግሞ በ1984 የብቅል ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የአርሲ ገብስ ብቅል ሆኖ ወደ ቢራ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ቢራውም ስሙ በተለጠፈበት ጠርሙስ ይወጣል። ገበሬው ገበያ አገኘ፤ ይህ ደግ ነው። የሴቲቱ ጋን ግን በየትኛውም መዝገብ አልገባም።

አረቄ ይጠጣ ማለታችን አይደለም። ያፈረሰው ትዳር፣ ያስቆረጠው ዛፍ ብዙ ነው። ነገር ግን ልጆቿን በአረቄ ያስተማረች እናት የታሪክ አካል አይደለችም ማለት አይቻልም። ብርሌውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ባለቤቶቹ ጌቶች ነበሩና ተጻፈላቸው። ስለዚህ ለክረምት ወደ አርሲ የምትወርዱ ጓደኞቻችን ሆይ፣ እናቶችን ጠይቁልን፦ ጥበቡን ከማን ተማሩ? ጌሾው ከየት ይመጣል? ለአንድ ጥድ ስንት ሸክም እንጨት ይነዳል? ከሽያጩስ ለእነሱ ምን ይተርፋል? መልሱን ጽፋችሁ ስትመለሱ የዚህ ጽሑፍ ሁለተኛ ክፍል የእናንተ ይሆናል።